አሥራ አንድ ደጅ የታሰረችው ላም

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት በራችንን አንኳኳች። ደረቷ ላይ መታወቂያ አንጠልጥላለች፤ በእጇ ስልክ የሚመስል ሰፋ ያለ ነገር ይዛለች። ገና ሰላምታው ሳያልቅ «እማማ፣ ጥናት ላይ ነን። የባንክ ሂሳብ አለዎት?» አለችኝ። አስገባኋት፤ ወንበርና ውኃ ሰጠኋት። የቤቱን ሰው ብዛት፣ የጣራውን ዓይነት፣ የጡረታዬን ልክ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገርኋት። ልጅቷ ግራ ገባት።

«እንደ እርስዎ ሳይደብቅ የሚመልስ ሰው አላጋጠመኝም» አለች።

«እኔም እንዳንቺ እየዞርሁ እጠይቅ ነበር» አልኋት።

ብዙ መናገር ልማዴ አይደለም። እሷ ከሄደች በኋላ ግን አንዲት ቀንዷ የተሰበረ ላም ትዝ አለችኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን የምጽፈው ስለዚያች ላም ነው።

ጊዜው ደርግ ነው፤ የሰባዎቹ መጀመሪያ። ሃያ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ማትሪክ አልመጣልኝም። አባቴ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው በደረት ሕመም ቤት ውለዋል። እናቴ ጥጥ ትፈትላለች፤ ከእኔ በታች ሁለት ወንድሞች ነበሩ። ቤታችን ዛሬ ግሽ አባይ በሚባለው በኩል፣ ሁለት አልጋ ለአምስት ሰው የሆነበት ቤት ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት የባንክ ደብተር የሌላቸውን ቤተሰቦች ሊያጠና ጊዜያዊ ሠራተኛ ፈለገ። እኔና ተስፋዬ የሚባል ልጅ ተቀጠርን። አለቃችን ጓድ ግርማ ከድሬዳዋ ተዛውረው የመጡ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉን፦ «ጥናቱ ሲያልቅ ከሁለታችሁ አንዱ ቋሚ ይሆናል። የማየው ቅጹን ነው። ባዶ ቦታ አልፈልግም፤ ስርዝ ድልዝ አልፈልግም።»

ያ ቦታ ለእኔ ምን እንደነበረ መዘርዘር አያስፈልግም። አባቴ መድኃኒታቸውን በየሁለት ቀኑ ነበር የሚወስዱት፤ ሐኪሙ ያዘዘው ግን በየቀኑ ነው።

ቅጹ ብዙ ጥያቄ ነበረው። በቤቱ ስንት ሰው አለ? ዕድሜያቸው ከአሥራ አምስት በላይ የሆኑት ስንት ናቸው? ያገቡ? ያላገቡ? ጣራው ቆርቆሮ ነው ሣር? ከብት፣ ሬዲዮ፣ አልጋ አለ? ዕዳ አለ? የታመመ ሰው አለ? ለክፉ ቀን የምታስቀምጡት የት ነው?

ከተማው ውስጥ ሁለት ሳምንት ዞርሁ። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ገና ብዙ አልቆየም፤ ወረቀት ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ደግ ነገር ይዞ እንደማይመጣ ሁሉም ያውቃል። «ምንም የለንም» ይሉኛል። አንድ ቤት ከጓዳ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ «ሰላም ለዚህ ቤት» ስል ድምፁ ቀጥ ይላል። «የስፌት መኪና አላችሁ?» ስላቸው «ምን የሚሉት ነው?» ይሉኛል። ወጥቼ አጥሩን ሳልፍ መኪናው እንደገና ይጀምራል። ቅጾቼ ባዷቸውን ተመለሱ። የተስፋዬ ግን ሁሉም ሙሉ፣ ጽሕፈታቸውም እንደ ዶቃ የተደረደረ ነበር። እንዴት እንደሚሆንለት ብጠይቀው ሳቀና ወሬ ለወጠ።

በመጨረሻው ሳምንት ጓድ ግርማ «ሐይቁ ዳር ያለ አንድ መንደር ቀርቷል። ማን ይሄዳል?» አሉ። ተስፋዬ ውኃ ሲያይ እንደሚያዞረው ተናገረ። እኔም ከሐይቁ አጠገብ ተወልጄ ታንኳ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር። እጄን አወጣሁ።

«አሥራ ሁለት ቅጽ ነው የቀረው» አሉኝ። «ከዚህ ሌላ ወረቀት የለም። ዓርብ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ እንዲሆን።»

የመንደሩን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹ ልጆች አሁንም እዚያ አሉ። የሚኖሩት እስላሞች ናቸው፤ አሳ ያጠምዳሉ፣ ከደንገል ታንኳ ያስራሉ፣ ትንሽ ትንሽ ይነግዳሉ። የወሰዱኝ ባለታንኳ ጋሼ ሙሄ የሚባሉ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ ሰው ነበሩ። ታንኳው ከሥር ውኃ ያሰርጋል። ደረቅ ደንገል አነጠፉልኝና ተቀመጥሁ፤ ቅጾቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቀፍሁ።

«ዋና ትችያለሽ?» አሉኝ ከዳርቻው ስንርቅ።

«አልችልም።»

«እኔም አልችልም። እንግዲያው ሁለታችንም አንውደቅ።»

ጥቂት ቀዘፉና «መንደራችን ምን ጉዳይ አለሽ?» አሉ።

«ቤት ለቤት እጠይቃለሁ። ስንት ሰው እንዳለ፣ ምን እንዳላቸው፣ ዕዳ እንዳለባቸው።»

መቅዘፊያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ማን ልኮሽ?»

«መሥሪያ ቤት።»

«መሥሪያ ቤት» አሉ ጢማቸውን እያሹ። «እሱም ጥሩ ነው። አምና የመጣው ሰውዬ ገመድ ልገዛ ነው ብሎ ነበር። ካቻምና የመጣችው ሴት ደግሞ አሳ ነጋዴ ነኝ አለች፤ ቆሮሶና አምባዛ አትለይም።»

«እኔ በእውነት የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።»

«አወቅሁ ልጄ፣ አወቅሁ። እኔ እንደሆነ አፍ የለኝም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ማዕበሉን እያየሁ ስለነበር አልጠየቅሁም። ስንደርስ አንዲት ሴት ዳር ላይ ልብስ ታጥባለች። ጋሼ ሙሄ በዓይናቸው አንድ ነገር አሏት። ሴትዮዋ ልብሱን እንደተነከረ ትታ ወደ መንደሩ ሮጠች።

የመጀመሪያው ቤት የአቶ ይማም ነበር፤ ከመንደሩ ታንኳ በማሰር የታወቁ፣ የአባቴ እኩያ የሚሆኑ ሰው። በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እንኳን ደህና መጡ! ይግቡ፣ ይግቡ!»

እርስዎ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ወደ ኋላዬ ዞሬ ሌላ ሰው መኖሩን አየሁ። ማንም የለም። አዲስ ሰሌን ተነጥፏል፤ መሐሉ ላይ የቆዳ ልባስ ያለው ሬዲዮ እንደ ታቦት ተቀምጧል፤ ማንገቻው ተበጥሶ በቀይ ክር ታስሯል። ደጃፍ ላይ ቡላ ላም ቆማለች፤ ግራ ቀንዷ ከመሐል ተሰብሯል።

«የመጣሁት ከመሥሪያ ቤት ነው» ብዬ ጀመርሁ። አቶ ይማም ወደ ጋሼ ሙሄ እያዩ ፈገግ አሉ።

«እንዴታ! ከመሥሪያ ቤት ነው እንጂ። ይጠይቁ።»

«ከብት አለዎት?»

«ይቺ አንዷ ናት። ሌሎቹ መስክ ናቸው።»

«ስንት ናቸው?»

ጋሼ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አምስት» አሉ አቶ ይማም። «ከጥጆቹ ጋር ስምንት ብለው ይጻፉት።»

«ዕዳ አለብዎት?»

«ወላሂ፣ አበዳሪው እኔ ነኝ።»

«በቤቱ የታመመ ሰው አለ?»

«ዘራችን ጉንፋን አያውቅም።»

«ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆነች፣ ያላገባች ሴት?»

እዚህ ላይ ፊታቸው በራ። «ሐዋ! ነይ ሰላም በይ!»

ሐዋ ወተት በጣሳ ይዛ ገባች። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ወተቱን ፊቴ አስቀመጠችና ባላጋራዋን እንደምታይ አየችኝ።

«ሰሌን ትሠራለች» አሉ አባቷ። «አሳ ታሰናዳለች። በመሠረተ ትምህርት አንደኛ ነው የወጣችው።»

«ያ እንኳ ቅጹ ላይ የለም።»

«የለም? ይጨምሩት እንጂ!»

ሁሉንም ጽሕፈቴን አሳምሬ ጻፍሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ «የለንም» ሲባል የኖረ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት። ሁለተኛው ቤት ስደርስም ሰሌኑ ተነጥፎ፣ ሬዲዮው ተቀምጦ ጠበቀኝ። ማንገቻው በቀይ ክር ታስሯል። ደጃፉ ላይ ቡላ ላም አለች፤ ግራ ቀንዷ ተሰብሯል። የከተማ ልጅ ነኝ፤ ላሞች ይመሳሰላሉ አልሁና ጻፍሁ። በሦስተኛው ቤት የዚህ አገር ላም ሁሉ ቀንዱን የሚሰብረው ነገር ምን ይሆን ብዬ አሰብሁ። በአራተኛው ላሟ ታለከልክ ነበር። በስድስተኛው ቤት እንደሚያውቁት ሰው ቀና ብላ አየችኝ።

ቤቱ ሁሉ አሳ አቀረበልኝ። መንደሩ አሥራ አንድ ቤት ነው፤ አንዱ የእማማ ዘይነብ ነበር፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ምላሳቸው ያላለቀ አሮጊት። «እኛ ያረድነውን ክርስቲያን አይበላልን፤ አሳ ግን አራጅ የለውም፤ ብይ» ብለው አንድ ሙሉ ቆሮሶ አስጨረሱኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጁ ጫት ያበዛል እንዴ?»

«የቱ ልጅ?»

«እሰይ! አትናገሪ። የተጣለብሽን አደራ ጠብቂ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ዕድሜ ነው አልሁ በልቤ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሥራዬን ጨርሼ ዳርቻው ላይ ወረድሁ። ውኃ የጠጡ ታንኳዎች እንዲደርቁ ቆመው ግድግዳ ተደግፈዋል። ከአንዱ ሥር ተቀመጥሁና ቅጾቹን ቆጠርሁ። አሥራ አንድ ሙሉ ቅጽ፤ ባዶ ቦታ የለም፤ ስርዝ የለም። አንድ ባዶ ወረቀት ተርፎኛል። ቋሚ ሆኜ አየሁት። የአባቴን መድኃኒት በየቀኑ አየሁት።

ሐዋ መጣች። እንሥራዋን አስቀምጣ ቆመች።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። የእኛን ቤት ድሆች ናቸው ብለሽ ጻፊ።»

«ለምን?»

«ዕዳ አለባቸው በይ። እኔን ደግሞ ታነክሳለች በይ።»

«አታነክሺም።»

«እችላለሁ» አለችና እንሥራዋን ዞራ ተመለሰች፤ እውነትም ቀኝ እግሯን እየጎተተች በጣም ጥሩ አድርጋ አነከሰች። «እንዲህ ሆና ነው ያየኋት ብለሽ ንገሪያቸው።»

«ለማን?»

«ለላኩሽ ሰዎች ነዋ። ለሙሽራው ቤት።»

ያኔ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። እዚያ አካባቢ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ቤቱን የሚያይ ሰው ይላካል። ሰውየው እንዳይታወቅበት ሌላ ጉዳይ ያለው መስሎ ይመጣል፤ ገመድ ልገዛ ይላል፣ አሳ ነጋዴ ነኝ ይላል። የቤቱን ሰው፣ ንብረቱን፣ በሽታውን፣ ዕዳውን አይቶ ይመለሳል። የሚያመላልሷቸው ደግሞ ጋሼ ሙሄ ናቸው። በዚያ ሰሞን ባሕር ዳር ያለ አንድ ባለሱቅ ለልጁ ሚስት ይፈልጋል የሚል ወሬ ነበር። እኔ ከመሥሪያ ቤት ነኝ ባልሁ ቁጥር ማመካኛዬን እያደነቁ ኖረዋል።

«አንገቴ ላይ ማተብ አላያችሁም?» አልኋት።

«አይተናል። ለማንም እንዳታዳላ ብለው ነው ክርስቲያን የላኩት አሉ።»

«ላሟስ?»

«የእማማ ዘይነብ ናት። በጓሮ እየነዳን ነው ያደረስናት። ሬዲዮው የጋሼ ሙሄ ነው፤ ባትሪ የለውም።»

ማንም እንዳልከፈተው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሐዋ አጠገቤ ተቀመጠች። መሠረተ ትምህርት ያስተማሯት ሰው ባሕር ዳር ብትገባ ሦስተኛ ክፍል እንደሚቀበሏት ነግረዋት ነበር። አክስቷ ከተማ አለች፤ አባቷም እሺ ሊሉ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ያ የባለሱቁ ወሬ ሲመጣ «ትምህርቱ ይደርሳል» አሉ።

«አንቺ ጥሩ ብለሽ ከጻፍሽ አባየ አይሰማኝም» አለች። እንሥራዋን ይዛ ሄደች፤ ጥቂት አነከሰችና ረስታው ቀጥ ብላ ተራመደች።

ቅጾቹን ደግሜ አየኋቸው። ይዣቸው ብሄድ ማንም አያውቅም። ጓድ ግርማ የሚያዩት ጽሕፈቱን ነው። ግን በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ የተጻፈ ላም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ መዋጮ ሲመጣ በንብረት ነው። የእማማ ዘይነብን ላም አሥራ አንድ ጊዜ ሊያስከፍሉባት ነው። ሐዋም ሽማግሌ የሚመጣበትን ቀን እየፈራች ትቀመጣለች፤ አባቷም የማይመጣ ሽማግሌ ሲጠብቁ ይኖራሉ። ቦታው ግን አንድ ነበር፤ አባቴም አንድ።

ያን ሌሊት ያደርሁት እማማ ዘይነብ ቤት ነው። ላሟ በሩ ላይ ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር።

ጠዋት ወንዶቹ ታንኳ ሊያወርዱ፣ ሴቶቹ ውኃ ሊቀዱ ዳርቻው ላይ ተሰብስበዋል። አቶ ይማም ሊሸኙኝ ነጭ ለብሰው መጥተዋል። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ቅጾቹን ከላስቲኩ አወጣሁ።

«ሙሽራ የለም» አልሁ።

ታንኳ የሚያወርዱት ወንዶች ቀና አሉ።

«ማንም ቤት እንዳይ አልላከኝም። ከመሥሪያ ቤት ነኝ ያልሁት እውነቴን ነው። የባንክ ደብተር የሌላቸውን ሰዎች ነው የማጠናው። ላሟ አንድ መሆኗን አሁን አውቄያለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን አሥራ አንድ ቤት ታስራለች።»

አቶ ይማም ፊታቸው ተለዋወጠ። «ታዲያ ትናንት ስታታልይን የዋልሽው ምን ፈልገሽ ነው?» እርስዎታው እዚያው ላይ አለቀ።

«አላታለልሁም። ቤትዎ ስገባ መጀመሪያ ያልሁት ከመሥሪያ ቤት ነኝ ነው።»

«እሱን ሁሉም ይላል!» አሉ ጋሼ ሙሄ እንደመናደድ ብለው። «እውነት የሚናገር ሰው ይዤ አላውቅም፤ በምን ልለይሽ?»

እማማ ዘይነብ በትራቸውን ተደግፈው ወደ ፊት መጡ። ሊቆጡኝ መስሎኝ አጎንብሼ ጠበቅሁ።

«እንዲያው» አሉ፣ «ላሜ ትናንት ከጥዋት እስከ ማታ የዞረችው ለማን ብላ ነው? ማታ ብነካት ወተት የላትም! እሷ ናት የታጨችው መሰለኝ፤ ቤት ሁሉ የታየችው እሷ ናት!»

መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ። ቀጥሎ ከታንኳዎቹ በኩል ወንዶቹ። አንዱ «ሬዲዮው ምን አለ? አንድም ቃል አልተነፈሰም!» ሲል ጋሼ ሙሄ ራሳቸው ውኃው ዳር ቁጢጥ ብለው ሳቁ። አቶ ይማም ብቻ አልሳቁም።

ሳቁ ሲበርድ እማማ ዘይነብ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«የባንክ ደብተር አለሽ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ቤት ጠይቄያለሁ፤ እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፊቴ ጋለ።

«የለኝም።»

«የላትም!» አሉ እማማ ዘይነብ ወደ ሰዉ ዞረው። «ሳይኖራት ነው ሰው የምትጠይቀው! ቤታችሁ ስንት ሰው አለ?»

«አምስት።»

«አልጋ?»

«ሁለት።»

«የታመመ?»

«አባቴ።»

«ዕዳ?»

«መድኃኒት ቤት አለብን።»

የተረፈኝን አሥራ ሁለተኛውን ቅጽ አወጣሁና እዚያው ታንኳው ላይ አስደግፌ የራሴን ቤት ሞላሁ። ማንም አይስቅም። ስጨርስ እማማ ዘይነብ «በይ እንግዲህ ጻፊ» አሉ። «አንድ ላም፤ ቀንዷ የተሰበረ። ሌላ የለም።»

ከእሳቸው በኋላ በየተራ መጡ። ትናንት የጻፍሁትን እየሰረዝሁ እውነቱን ከላዩ ጻፍሁ። ስድስት ከብት ተሰርዞ የለም ሆነ፤ ሬዲዮ ተሰርዞ የለም ሆነ። እሱም ጉንፋን አያውቀኝም ካለ ሌላ ቤት ሦስት የወባ በሽተኛ ወጣ። ቅጾቹ የዶሮ ጭረት መሰሉ። መጨረሻ ላይ አቶ ይማም ቀረቡ፤ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ እንዳዞሩ።

«ለክፉ ቀን የሚያስቀምጡት የት ነው?» አልኋቸው።

«ምን እናስቀምጣለን? ታንኳ ቢቆይ አንድ ወር ነው፤ ይበሰብሳል። የኔ ሲበሰብስ ሙሄና ሌሎቹ መጥተው ደንገል ያጭዱልኛል፤ በአንድ ቀን እናስራለን። የሙሄ ሲበሰብስ እኔ እሄዳለሁ። ስታመምም ያለ ታንኳ አላድርም።» ትንሽ አሰቡ። «የምናስቀምጠው ሰው ላይ ነው በይ።»

ቅጹ ላይ «ሣጥን፣ ዕቁብ፣ ዘመድ፣ ሌላ» የሚል ነበር። «ሰው ላይ» ብዬ ከዳሩ ጻፍሁ። ላሟን ለአሥር ቤት ያዋሷት ሴትዮ ምንም እንዳልጠየቁበትም ያኔ ነው ያስተዋልሁት።

ልሳፈር ስል አቶ ይማም «ቆዪ» አሉኝ። ሐዋ ከኋላቸው ቆማለች። እግሯ ደህና ነበር።

«እኔ ትናንት ማታ ልጄ ከተማ ልትገባ ነው ብዬ ለዚህ ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ» አሉ። «አሁን ቀረች ብል እስከ ዕለተ ሞቴ ይስቁብኛል።»

ጋሼ ሙሄ «እንስቃለን» አሉ።

«ስለዚህ ትገባለች። አክስቷ ዘንድ አድርሻት። ትማር። ይማም ያለው አልቀረም ይባል።»

ሐዋ ልብሷን ልታመጣ ስትሮጥ የዚያን ዕለት ያህል ፈጣን እግር አላየሁም። በትልቁ ታንኳ ተሻገርን። መሐል ላይ ስንደርስ ጋሼ ሙሄ «እሷ ዋና ትችላለች፤ ብትወድቂ ታወጣሻለች» አሉኝ። «እርስዎንስ?» ብላቸው «እኔ አፍ የለኝም አልሁሽ እንጂ እጅ የለኝም አልሁሽ?» ብለው ቀዘፉ።

ዓርብ ጠዋት ጓድ ግርማ ቅጾቹን በሁለት ጣት አነሱ።

«ምንድነው ይሄ?»

«እርማት ነው።»

«ከብቶቹ የት ሄዱ?»

«አንድ ናት። ለሁሉም አንድ ናት።»

ጥቂት አነበቡ። «‹ሰው ላይ› የሚለውን በምን ቁጥር ላስገባው? ስርዝ ድልዝ አልፈልግም ብዬ ነግሬሽ አልነበረም?»

«ነግረውኛል።»

ቋሚ ቦታው ለተስፋዬ ሆነ። ለእናቴ ስነግራት እንዝርቷን ሳታቆም «ያቺ ልጅስ ደረሰች?» አለችኝ። «ደርሳለች» አልኋት። «እንግዲያው አንዳችሁ ደርሳችኋል» አለችና መፍተሏን ቀጠለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሐይቁ ዳር ሁለተኛ ዙር ጥናት መጣ። ተስፋዬን ላኩት፤ በዚያው ቀን ተመለሰ። ጋሼ ሙሄ «ያቺ ስርዝ ድልዟ ልጅ ካልመጣች አልቀዝፍም» ብለውት ነበር። ጓድ ግርማ ነገሩ ከነከናቸውና የከተማውን ቅጾች ይዘው ራሳቸው ጥቂት ቤቶች ዞሩ። የቤት ቁጥሮቹን ሊያገኟቸው አልቻሉም፤ ተስፋዬ ሻይ ቤት ተቀምጦ ነበር የሚሞላቸው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ወደ ግምጃ ቤት ተዛወረ። እኔን አስጠሩኝ። ጓድ ግርማ ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው አልነበሩም፤ አዲስ ቅጽ ነበር ያሳዩኝ። ከዳሩ ሰፋ ያለ ነጭ ቦታ ትተውበታል።

ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስክወጣ በዚህ ሥራ ኖርሁ። ጎርጎራ ሄጃለሁ፣ ቆላ ድባ ገበያ መሐል ቆሜ ጠይቄያለሁ። በመጀመሪያው የቋሚ ደመወዜ የአባቴን መድኃኒት ገዛሁ፤ በሁለተኛው የባንክ ደብተር አወጣሁ። ለእማማ ዘይነብ ላሳያቸው ወሰድሁላቸው። አገላብጠው አዩና «ይቺም አትታለብም» ብለው መለሱልኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ጠዋት የተማርሁት ብዙ አይደለም። የማንንም ቤት ስገባ መጀመሪያ የራሴን ቤት እነግራቸዋለሁ፤ አምስት ሰው፣ ሁለት አልጋ፣ የታመመ አባት። ከዚያ በኋላ የስፌት መኪናው አይቆምም ነበር። እናንተም አንድ ቀን ወረቀት ወይም ስልክ የያዘ ልጅ በራችሁን ቢያንኳኳ አስቀምጡትና «አንተስ?» በሉት። ባለፈው ወር ለመጣችው ልጅ እንዲሁ አልኋት። ቀላ አለችና፣ ደመወዟ በባንክ ቢገባም በሦስተኛው ቀን እንደሚያልቅ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ነው በደንብ የተጫወትነው።

ሐዋ ተማረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስተምራ እሷም እንደኔ ጡረታ ወጥታለች፤ የልጅ ልጆች አሏት። የምትኖረው ከቤቴ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ስለዚያ ቀን ተቀምጠን አውርተን አናውቅም። አስፋልቱ ዳር ከዘንባባዎቹ ሥር ከሩቅ ስታየኝ ግን፣ ሰው ይኑር አይኑር ግድ የላትም፣ ቀኝ እግሯን ጎተት ታደርግና እያነከሰች ትመጣለች።